ትንንሽ ፍጡራንን በካሜራ የመቅረብ ታሪክ

በባዮሎጂ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የዝንብ እግር፣ የንብ አፍ፣ የትንኝ አንቴና ጎልቶ ተሥሎ እናያለን። ሥዕሉን ማን እንደ ሠራው፣ ፍጡሩ ሲሣል በሕይወት ነበር ወይስ ሞቶ ነበር ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ግን ብዙ አይገኝም። በሥዕሉ ፋንታ ፎቶግራፍ የቀረበ እንደ ሆነማ ጥያቄው ጨርሶ ይቀራል፤ ካሜራ ያየውን ብቻ ይናገራል የሚል እምነት አለና። ይህ እምነት ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለመመርመር፣ ሰዎች ከጥፍር የማይበልጥን ሕያው ነገር በካሜራ በቅርብ ማንሳትን እንዴት እንደ ተማሩት መመልከት ይጠቅማል። ነገሩ ለፎቶ ቤት ባለሙያ እንጂ ለታሪክ መምህር የሚሆን አይመስል ይሆናል። ይሁንና በዚህ ታሪክ ውስጥ አዲስ ካሜራ በመጣ ቁጥር አዋቂው ሁሉ እንደገና ተማሪ ሆኖ መቀመጥ ነበረበት፤ ይህም መምህርን የሚመለከት ጉዳይ ነው ብለን እናምናለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ችግሩ ከካሜራው በዕድሜ ይበልጣል። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1665 «ማይክሮግራፊያ» የተባለውን መጽሐፉን ባሳተመ ጊዜ፣ አንባቢ ከገጾቹ መካከል ታጥፎ የገባ ወረቀት ሲዘረጋ ግማሽ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቁንጫ ከነፀጉሩና ከነቅርፊቱ ተሥሎ ያገኝ ነበር። ሁክ ይህን የሣለው በማይክሮስኮፕ እየተመለከተ በእጁ ነው። ከሁሉ ያስቸገረው ጉንዳን እንደ ነበር ራሱ ጽፎአል። ጉንዳኑን በሕይወት ሲይዘው አልቆም ይለዋል፤ ሲገድለው ደግሞ አካሉ ወዲያው እየተኮማተረ መልኩን ያጣል። በመጨረሻ ያገኘው መላ በብራንዲ መንከር ነበር። ጉንዳኑ ሰክሮ እንደ ሞተ ይዘረጋል፤ ሁክ እግሩን እያስተካከለ ይሥለዋል፤ ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ጉንዳኑ ከስካሩ ነቅቶ ይሄዳል። የአልኮል መጠጥ ለሳይንስ ካበረከታቸው ጥቂት አገልግሎቶች አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ከጉንዳኑ ይልቅ ለመምህራን የሚጠቅመው ግን ሁክ ስለ ዝንብ ዓይን የተናገረው ነው። ያንኑ ዓይን በአንድ ዓይነት ብርሃን ሲያየው ብዙ ቀዳዳ ያለው ወንፊት ይመስለዋል፤ በፀሐይ ሲያየው በወርቅ ምስማር የተሸፈነ ይመስለዋል፤ አቀማመጡን ሲለውጠው ደግሞ በትንንሽ ፒራሚዶች የተሞላ ሆኖ ይታየዋል። ስለዚህ አንድን ነገር በብዙ ብርሃንና በብዙ አቅጣጫ መርምሮ እውነተኛ ቅርጹን ሳይለይ መሣል እንደማይጀምር በመቅድሙ ገልጾአል። ሠዓሊ ይህን ማድረግ ይችላል። ካሜራ ግን የሚያየው በዚያች ቅጽበት በበራው አንድ ብርሃን ብቻ ነው። ለዚህም ነው ጥሩ ሥዕል ከፎቶግራፍ ይበልጥ እውነት የሚናገርበት ጊዜ አለ የምንለው።

የፎቶግራፍ ጥበብ በ1839 በይፋ ከተገለጸ በኋላ ፈልሳፊዎቹ ፊታቸውን ወደ ትንንሽ ነገሮች ለማዞር ጊዜ አልወሰደባቸውም። በእንግሊዝ አገር ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት የፀሐይ ማይክሮስኮፕ በሚባለው መሣሪያ፣ ማለትም የፀሐይን ብርሃን በመስተዋት አጥፎ ወደ ጨለማ ክፍል በሚያስገባ አጉሊ መሣሪያ፣ የነፍሳትን ክንፍ በወረቀት ላይ አነሣ። በፈረንሳይም ሐኪሙ አልፍሬድ ዶኔና የፊዚክስ ሊቁ ሌዮን ፉኮ (ምድር በዛቢያዋ መዞሯን በተንጠልጣይ ክብደት ያሳየው ፉኮ ነው) በማይክሮስኮፕ ያነሡአቸውን ምስሎች በ1845 በአትላስ መልክ አወጡ። ፎቶግራፍን በቀጥታ በመጽሐፍ ማተም ገና ስለማይቻል ምስሎቹ በቀራጭ እጅ ተገልብጠው ነበር የታተሙት። የተነሡት ነገሮች ክንፍ፣ ደም፣ የሰውነት ፈሳሽ መሆናቸውን ልብ ይሏል። አንዱም አይራመድም፤ አንዱም አይበርም። ካሜራው ገና ሕያው ነገርን ለመጠበቅ የሚያስችል ፍጥነት አልነበረውም።

በሚቀጥሉት ዓመታት የነገሠው የእርጥብ ኮሎዲዮን ዘዴ ጥራቱ ከፍተኛ ቢሆንም ጣጣው ብዙ ነበር። ባለሙያው የመስተዋቱን ጠፍጣፋ በኮሎዲዮን ቀብቶ፣ በብር ጨው ነክሮ፣ ሳይደርቅ አንሥቶ፣ ሳይደርቅ ማጠብ ነበረበት። ከኮሎዲዮኑ የሚወጣው የኤተር ሽታም ጤና የሚነሳ ነበር። ከዚህ ሽታ ከታመሙት አንዱ ሪቻርድ ሊች ማዶክስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። ማዶክስ በማይክሮስኮፕ የሚታዩ ነገሮችን በፎቶግራፍ በማንሳት የታወቀ ሰው ነበር። ያለ ኤተር የሚሠራበትን መንገድ ሲፈልግ በጄላቲን ላይ የብር ብሮማይድን ማርጋት እንደሚቻል አገኘና በ1871 በአንድ የፎቶግራፍ መጽሔት ላይ ጽፎ አወጣው። ለፈጠራው የባለቤትነት መብት አላስከበረም፤ ሌሎች ሲከብሩበት እርሱ ያተረፈው የለም። ሌሎች ካሻሻሉት በኋላ ግን ደረቅ ጠፍጣፋ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ በሣጥን የሚሸጥ፣ ከእርጥቡም እጅግ ፈጣን የሆነ ዕቃ ሆነ፤ ካሜራም ከጨለማ ክፍሉ ተላቆ ወደ መስክ ወጣ። የፎቶግራፍን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህን እርምጃ ከመልክዓ ምድርና ከሰው ምስል ጋር ያያይዙታል። መነሻው ግን ትንንሽ ነገሮችን ያነሣ የነበረ የአንድ በሽተኛ ሐኪም ችግር እንደ ነበር አይዘነጋ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ስለ እንቅስቃሴ ሆነ። ፈረንሳዊው ኤትየን ጁል ማሬ ገና በ1860ዎቹ መጨረሻ በተርብ ክንፍ ጫፍ ላይ ቅንጣት የወርቅ ቅጠል ለጥፎ፣ በጨለማ ጀርባ ላይ ወርቁ ሲያብረቀርቅ የቁጥር 8 ቅርጽ ሲሠራ ተመልክቶ ነበር። ይህን በካሜራ ለማረጋገጥ ግን ጊዜ ወሰደ። በ1904 ረዳቱ ሉሲየን ቡል በአጭር የኤሌክትሪክ ፍንጣሪ እያበራ በሰከንድ ከ1,000 በላይ ምስል የሚያነሣ መሣሪያ ሠራ። አስቸጋሪው ነገር ፍንጣሪውን ማብዛት ሳይሆን መቼ እንደሚጀመር ማወቅ ነበር፤ ፊልሙ ከቅጽበት በኋላ ስለሚያልቅ ዝንቡ ለመብረር እስኪያስብ መጠበቅ አይቻልም። ቡል ሥራውን ለዝንቡ ለራሱ ሰጠው። ነፍሳቱ የተያዙበትን ቦታ ለቀው ሲነሡ የኤሌክትሪኩ መስመር ተለውጦ ካሜራው እንዲጀምር አደረገ። ፎቶ ተነሺው ራሱ ፎቶ አንሺ ሆነ ማለት ነው። የፊዚክስ መምህራን ስለ ኤሌክትሪክ መስመር መክፈትና መዝጋት ሲያስተምሩ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚያገኙ አይመስለንም።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ፐርሲ ስሚዝ የሚባል የትምህርት ቦርድ ጸሐፊ በትርፍ ጊዜው ነፍሳትን ያነሣ ነበር። አንድ የሥጋ ዝንብ ምላሱን ዘርግቶ ሲመገብ ያነሣው ፎቶግራፍ በሲኒማ ነጋዴው በቻርልስ ኧርባን ዘንድ አሳወቀው። በ1908 የወጣው ፊልሙ ላይ ዝንብ በጀርባው ተኝቶ ቡሽና የክብሪት እንጨት በእግሮቹ እያሽከረከረ ሲጫወት ታየ። ሕዝቡ ተደነቀ፤ ዝንቡ ተሠቃይቶ ነው፣ ተሠልጥኖ ነው፣ ማታለያ ነው ያሉም ነበሩ። እውነቱ ቀላል ነበር። ዝንቡ ተይዞ ስለ ነበር እግሩ የነካውን ሁሉ መሬት ነው ብሎ ይራመድበታል፤ እርሱ ባለበት ሲረግጥ ቡሹ ይዞራል። ስሚዝ ፊልም ማስተማሪያ እንዲሆን ይመኝ ነበር። ይህም በኋላ ከ1922 ጀምሮ በወጡት የተፈጥሮ ፊልሞች በመጠኑ ተሳክቶለታል።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ ዴቪድ ፌርቻይልድና ባለቤቱ ሜሪያን በ1914 «የጭራቆች መጽሐፍ» ብለው ያወጡት ሥራ ስለ አሠራሩ ሊመረመር ይገባዋል። ፌርቻይልድ የዕፅዋት አጥኚ ነበር። ባልና ሚስቱ በቤታቸው አካባቢ ያገኙአቸውን ፌንጣዎች፣ ሸረሪቶችና ጢንዚዛዎች በጣም ረጅም በሆነ ካሜራ ፊት ለፊት አነሡአቸው። ውጤቱ አስደናቂ ነው፤ ፌንጣዋ እንደ ፈረስ ትመለከታችኋለች። ነገር ግን ፍጡራኑ በአብዛኛው ከሞቱ በኋላ በሕይወት እንዳሉ ተመስለው የተስተካከሉ ነበሩ። ይህን ስንል ለማንቋሸሽ አይደለም፤ አሠራሩን ራሳቸው ለአንባቢ ገልጸውታል። የሚጎዳው አሠራሩ ሳይገለጽ ሲቀር ነው። እስከ ዛሬም ነፍሳትን በማቀዝቀዣ አደንዝዘው ወይም ገድለው በአበባ ላይ አስቀምጠው «በተፈጥሮ ሁኔታ» ብለው የሚያቀርቡ አሉ።

ካሜራው ለምን ረዘመ? እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ ማስገባት ግድ ነው። የሌንሱ ፎካል ርዝመት 50 ሚሊሜትር ነው እንበል። ሩቅ ያለን ተራራ ሲያነሣ ሌንሱ ከፊልሙ 50 ሚሊሜትር ይርቃል። ንብን በትክክለኛ መጠኗ፣ ማለትም 1 ሴንቲሜትሯን በፊልሙ ላይ 1 ሴንቲሜትር አድርጎ ለማንሳት ግን ሌንሱ ከፊልሙ 100፣ ከንቧም 100 ሚሊሜትር መራቅ አለበት። ከመጠኗ በላይ ለማጉላት ደግሞ ርቀቱ ከዚህም ይረዝማል። ለዚህ ነው በሌንሱና በካሜራው አካል መካከል እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚታጠፍና የሚዘረጋ ክፍል ወይም ባዶ ቀለበት የሚገባው። ነገር ግን ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ብርሃኑ በአራት እጥፍ ስፋት ላይ ስለሚበተን ፊልሙ የሚያገኘው ሩቡን ብቻ ነው። በ1/60 ሰከንድ ይበቃ የነበረው አሁን 1/15 ሰከንድ ይፈልጋል ማለት ነው።

ችግሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በዚህ ቅርበት የሌንሱ ቀዳዳ በ4 ቁጥር ላይ ቢሆን ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የንቧ ዓይን ሲጠራ አንቴናዋ ይደበዝዛል። ቀዳዳውን ወደ 16 ቁጥር ብናጠበው ጥልቀቱ ወደ 2 ሚሊሜትር ከፍ ይላል፤ ብርሃኑ ግን በ16 እጥፍ ይቀንሳል። ስለዚህ መዝጊያው ረዘም ላለ ጊዜ ይከፈት እንዳንል፣ ንቧ ያረፈችበት ቅጠል በነፋስ በሰከንድ 1 ሴንቲሜትር ቢንቀሳቀስ በ1/60 ሰከንድ ውስጥ እንኳ 0.17 ሚሊሜትር ይሄዳል፤ ዓይን ደግሞ በፊልም ላይ ከ0.03 ሚሊሜትር በላይ የሆነን መንሸራተት እንደ መደብዘዝ ያየዋል። ቀረብ ስንል ብርሃን እናጣለን፤ ብርሃን ስንፈልግ ጥልቀት እናጣለን፤ ጥልቀት ስንፈልግ ጊዜ እናጣለን። አዲስ ካሜራ የያዘ ሁሉ በመጀመሪያው ፊልሙ ላይ የሚያገኛቸው የደበዘዙ ጢንዚዛዎች ምክንያታቸው ይኸው ነው፤ ካሜራውን መውቀስ አይገባም።

ትንሹ ካሜራ በ1925 ላይካ በገበያ ሲወጣ ሌላ ችግር አመጣ። ሰውየው የሚያየው በአንዲት መስኮት፣ ፊልሙ የሚያየው በሌላ ቀዳዳ ነው። ለሩቅ ነገር ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ በአንድ ስንዝር ርቀት ላይ ላለ ቢራቢሮ ግን ሰውየው ራሱን ሲያይ ፊልሙ ጭራውን ሊያነሣ ይችላል። መፍትሔው ከሌንሱ በስተኋላ መስተዋት አድርጎ በዚያው ሌንስ ማየት ነበር። ሐሳቡ በትልልቅ ካሜራዎች የቆየ ቢሆንም፣ በ35 ሚሊሜትር ፊልም ለሚሠራ ትንሽ ካሜራ ከድሬስደን በ1936 የወጣው ኪኔ ኤግዛክታ በሰፊው ያስፋፋው መሣሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ ነፍሳትን የሚያነሣ ሰው በግምት መሥራቱን ተወ።

ለቅርብ ተብለው የተሠሩ ሌንሶችም በ1950ዎቹ መጡ፤ በ1955 የኪልፊት ኩባንያ ማክሮ ኪላር፣ በ1956 የጃፓኑ ማይክሮ ኒኮር። የሁለተኛው መነሻ የሚያስገርም ነው። የተሠራው ለጢንዚዛ ሳይሆን ለመጻሕፍት ነበር። በጊዜው የነበሩት ሌንሶች ለላቲን ፊደል ቢበቁም፣ ጭረተ ብዙ የሆነውን የጃፓን ጽሕፈት በማይክሮፊልም ሲያነሡ ያደበዝዙት ነበር። ጭረቱን ለመለየት የተፈለገው ጥራት በኋላ የዝንብ ፀጉርን ለመለየትም ዋለ። በአገራችንም ከ1973 ጀምሮ የገዳማትንና የአድባራትን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሳት ታላቅ ሥራ መካሄዱ ይታወሳል፤ የግዕዝ ፊደል ደግሞ በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ድምፁ የሚለወጥ ነው። መጽሐፍ የሚያነሣውና ነፍሳት የሚያነሣው ባለሙያ ሁለቱም የሚታገሉት ከአንዲት ቀጭን መስመር ጋር ነው። መጽሐፉ ግን አይበርም።

የብርሃኑን ችግር በመጨረሻ ያቃለለው የኤሌክትሮኒክ ብልጭታ ነው። ሃሮልድ ኤጀርተን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ1930ዎቹ ያዳበረው ይህ ብርሃን እጅግ አጭርና እጅግ ደማቅ በመሆኑ ቀዳዳውን ማጥበብም እንቅስቃሴን ማቆምም በአንድ ጊዜ ፈቀደ። ከላይ የጠቀስነው ቅጠል በ1/1000 ሰከንድ ብልጭታ የሚንሸራተተው 0.01 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ለበራሪ ነፍሳት ግን ይህም አልበቃም። እንግሊዛዊው ስቲቨን ዳልተን ወደ 1/25,000 ሰከንድ የሚወርድ ብልጭታና ከተለመደው የፈጠነ መዝጊያ አሠርቶ፣ ነፍሳቱ በቀጭን የብርሃን ጨረር ውስጥ ሲያልፉ ካሜራውን እንዲያስነሡ አደረገ። ክንፉን በሰከንድ 200 ጊዜ የሚያርገበግብ ዝንብ በዚህ ጊዜ ውስጥ የአንድ ምቱን መቶኛ እንኳ አይጨርስም። ከሰባ ዓመት በፊት የቡል ዝንብ ያደረገውን የዳልተን ዝንብም አደረገ ማለት ነው። ሥራው በ1975 በመጽሐፍ ወጣ፤ ከፎቶግራፎቹ አንዱም በ1977 ቮየጀር መንኮራኩሮች ከምድር ይዘው በሄዱት የወርቅ ሸክላ ላይ ከተቀረጹት ምስሎች ጋር ተጨምሮአል። በዚያው በ1975 የወጣው ኦሊምፐስ ኦኤም-2 ደግሞ በሌንሱ የገባውን የብልጭታ ብርሃን ራሱ ለክቶ እንዲያቋርጥ ተደርጎ ስለ ተሠራ፣ ተራው ሰው ያን ሁሉ ሒሳብ ማስላት ቀረለት። መልካም ነው፤ ነገር ግን ሒሳቡን ሳያውቅ የጀመረ ሰው መሣሪያው ሲሳሳት አያውቅም።

ዛሬ ፊልሙ ራሱ ቀርቶአል ማለት ይቻላል። 36 ፎቶ አንሥቶ እስኪታጠብ የሚጠብቅ የለም፤ ውጤቱ ወዲያው ስለሚታይ ትምህርቱ አጥሮአል። ጥርት የሚለው ጥልቀት ማነስም በከፊል ተሸንፎአል፤ ፎከሱ በጥቂት በጥቂቱ እየተገፋ የተነሡ ብዙ ምስሎች በኮምፒውተር ተዋሕደው ከራስ እስከ ጅራት የጠራ ነፍሳት ይወጣል። ይህ ግን ማንም ዓይንና ማንም ሌንስ በአንድ ጊዜ አይቶት የማያውቅ ምስል ነው። የሁክ ሥዕልም በብዙ ብርሃን ከታዩ ብዙ መልኮች የተዋሐደ እንደ ነበር ስናስታውስ አዲሱ ዘዴ ለሠዓሊው እንደሚቀርብ እንረዳለን።

ትምህርት ቤቶች ውድ ካሜራ መግዛት አያስፈልጋቸውም። የእጅ ስልክ ካሜራ ምስል ተቀባይ ክፍሉ ትንሽ ስለሆነ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት በአንጻሩ ሰፊ ነው፤ በፊቱ የእጅ አጉሊ መነጽር ቢያዝለት ጉንዳንን ለክፍል በሚበቃ ሁኔታ ያነሣል። ጥላ እንዳያጠላበት ከጎን በነጭ ወረቀት ብርሃን ማንጸባረቅ ይቻላል። ነፍሳት ሙቀታቸውን ከአካባቢያቸው ስለሚያገኙ በማለዳ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ ዝግ ያሉ ናቸው፤ ብራንዲም ማቀዝቀዣም አያሻም። ከፍጡሩ አጠገብ ማስመሪያ ማስቀመጥ ወይም ያረፈበትን ቅጠል ስፋት ለክቶ መጻፍ ግን የግድ ነው። ፎቶግራፍ ብቻውን መጠን አይናገርምና።

ይህ ጨዋታ አለመሆኑን በምሥራቅ አፍሪካ በቅርቡ አይተናል። ቦሪስ ኡቫሮቭ በ1921 እንዳመለከተው፣ ቀድሞ ሁለት ዝርያ ይባሉ የነበሩ የአንበጣ ዓይነቶች አንድ ዝርያ ሆነው ሲበታተኑና ሲሰበሰቡ መልካቸው የሚለወጥ ነው። የበረሃ አንበጣም እንዲሁ ነው። ብቻውን ያደገ ኩብኩባ አረንጓዴ ሆኖ ሣር ይመስላል፤ በመንጋ ያደገው ጥቁርና ቢጫ ነው። ክንፍ ያወጣው የመንጋ አንበጣ ያልጎለመሰ ሲሆን ሮዝ፣ ለመራባት ሲደርስ ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ ከቅርብ የተነሣና ቀለሙ ያልተዛባ አንድ ፎቶግራፍ የሚረጨው ቡድን መቼ መድረስ እንዳለበት ሊናገር ይችላል፤ ቢጫው ከታየ እንቁላል መጣሉ ቀርቦአልና። በ2019 መጨረሻና በ2020 ኢትዮጵያና ሶማሊያ በ25 ዓመት፣ ኬንያ በ70 ዓመት ውስጥ ያልታየ የአንበጣ ወረራ በደረሰባቸው ጊዜ፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ከአሜሪካው የፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ኢሎከስት 3ኤም የተባለ የእጅ ስልክ ፕሮግራም አወጣ። በዚህ ፕሮግራም በየወረዳው ያሉ ሰዎች ኩብኩባ መሆኑን ወይም ክንፍ ያወጣ መሆኑን ለይተው፣ ካዩበት ቦታ አቀማመጥ ጋር ፎቶግራፉን ይልኩ ነበር። ከላኪዎቹ ብዙዎቹ ከዚያ በፊት አንድም ነፍሳት ፎቶ አንሥተው የማያውቁ ነበሩ።